አምስት ፊደል የሚችል ግንባር

የፈረስ ግንባር አምስት ፊደል ይችላል። የበቅሎ አራት፣ የአህያ ሦስት። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ጎረቤቴ ሣህሌ ነው። ያኔ አሰላ ላይ ከእሱ መኖሪያና መስፊያ ቤት በአንድ ግድግዳ የምትለይ ጸጉር ቤት ነበረችኝ። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጭቃዋም ስስ ነበረች። እሱ ማዶ ወስፌ ሲስል፣ እኔ ዘንድ የተቀመጠው ደንበኛ ደንግጦ ጆሮውን ይይዛል።

ሣህሌ የጋሪ ፈረስ ዕቃ ሰፊ ነበር። ልጓም፣ ዛብ፣ የደረት ጠፍር፣ የግንባር ጠፍር ይሰፋል። ቅድመ አያቶቹ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚያው አርሲ ተወልዶ አርሲ የሸበተ ነው። ረጅም፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው። አንድ ጉድ ነበረበት፦ ከፈረስ ጋር ሲያወራ አፈ ጮሌ ነው፣ ከሰው ጋር ሲያወራ ምላሱ ይታሰራል። ፈረስ ሊለካ ግንባሩን ይዞ «አንተ የኔ ጌታ፣ ምነው ዛሬ ከፋህ? ገብስ አልሰጡህም?» እያለ ሲያጫውት ለሰማ፣ ጠበቃ ነው የሚመስለው። ባለፈረሱ «ስንት ነው ሂሳቡ?» ሲለው ግን ወደ ጫማው ያያል። ይህ ነገሩ እኔን ያናድደኝ ነበር። እኔ በሥራዬም በተፈጥሮዬም ዝም ማለት አልችልም።

በወጣትነቱ የፈረንጆች የእርሻ ፕሮጀክት መጋዘን ዘበኛ ነበር። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ለአንዱ ብስክሌት፣ ለአንዱ ብርድ ልብስ ሲደርሰው፣ ለእሱ የደረሰው ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር። ሰው ሁሉ አዘነለት። እሱ ግን እንደ ዳዊት ይደግመው ጀመር።

ከዚያ ፋሽኑ መጣ። ከአቦምሳ እህል ጭነው የሚመጡት መኪኖች ግንባራቸው ላይ የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፉ ነበር። ባለጋሪዎቻችን ቀኑ። መኪና ግንባር ካለው ፈረስማ የበለጠ አለው አሉ። ሣህሌ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ የፈረንጅ ፊደል በመቀስ እየቆረጠ በግንባር ጠፍር ላይ መስፋት ጀመረ። ለምን በአማርኛ አይሆንም ብዬ ጠይቄዋለሁ። «የኛ ፊደል እግር ይበዛዋል፤ እስቲ ‹ጨ›ን ከቆርቆሮ ቆርጠህ አሳየኝ» አለኝ። ሞከርኩ። ያን ሰሞን ሁሉ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው ጸጉር የቆረጥኩት።

አንዱ ፊደል የአውራ ጣት ስፋት አለው፤ ከዚያ ካነሰ ከሩቅ አይነበብም። በፈረሱ ሁለት የዓይን መከለያዎች መካከል ደግሞ አምስት አውራ ጣት ይገባል፤ ስድስተኛው ዓይን ላይ ይወጣል። ስለዚህ አምስት። ሌላም ሕግ ነበረው። የባለቤቱ ስም የሚጀምርበት ፊደል ቃሉ ውስጥ አንድ ቦታ መኖር አለበት፤ የቃሉም ትርጉም መታወቅ አለበት። «ትርጉሙን የማላውቀውን ቃል እንስሳ ላይ አልሰፋም። እንስሳ ቢጠየቅ ምን ብሎ ይመልሳል?» ይል ነበር።

ቀላል ይመስላል። ሀሰኖ የሚባል ባለጋሪ መጥቶ «ኤች ይኑርበት» አለ። ሣህሌ መዝገበ ቃላቱን በጣቱ እየቆጠረ ወርዶ «ሆርስ» የሚል አገኘ። አምስት ፊደል ነው፣ ኤች አለበት፣ ትርጉሙም ፈረስ ነው። ከዚህ በላይ እውነት ከየት ይመጣል? ሀሰኖ ደስ ብሎት ሄደ። መከራው የጀመረው ተሳፋሪ ሲጠይቀው ነው።

«ሀሰኖ፣ ፈረስህ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«ፈረስ።»

«ፈረስ መሆኑንማ አያለሁ፤ የተጻፈውን ነው የጠየቅኩህ።»

«እኮ ፈረስ!»

ተሳፋሪው ተሰደብኩ ብሎ ወርዶ በእግሩ ሄደ። መርሻ ደግሞ ኤም ይሁንልኝ ብሎ «ሜይቢ» የሚል ደረሰው፤ ትርጉሙ ምናልባት። ሣህሌ ቃሉን ትሕትና አለው ብሎ ወዶት ነበር። ሰው ግን ትርጉሙን ከሰማ በኋላ፣ «ገበያ ያደርሰኛል ወይ» ሲል ምናልባት የሚል ፈረስ አልታመን አለው። የሽንኩርት ነጋዴዋ ዙቤዳ አህያዋን ይዛ መጥታ ዜድ ያለበት ባለሦስት ፊደል ስትጠይቅ «ዙ» ተሰጣት፤ የአውሬ ማሳያ ግቢ ማለት ነው። «ግድ የለም፣ የስሜ መጀመሪያ ነው፤ የቀረውን አህያዋ ትሙላው» ብላ ተቀበለች።

የሚያገባ ሰው ሲሆን ደግሞ የሁለቱም ፊደል አንድ ቃል ውስጥ መግባት አለበት ተባለ። ይህን ያመጣው ጅብሪል ነው፤ ባለጋሪና የሣህሌ የልብ ወዳጅ። አይሻን ሊያገባ ሲል ጄና ኤ ያሉበት ቃል ፈልግልኝ አለ፤ ለእሱ ጄ፣ ለእሷ ኤ። ተፈልጎ ተገኘ፦ «ሜጀር»። ሣህሌ ሰፋው፣ ጅብሪል በኩራት ይዞት ወጣ። ትርጉሙ ሻለቃ ነው።

እንግዲህ ዘመኑን አስቡት። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ወልደ ሚካኤል ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ መጡ።

«ሻለቃን በአለንጋ እየገረፋችሁ ገበያ ለገበያ ልትዞሩ ነው?»

«ማሎ፣ እባክዎ ጓድ፣» አለ ጅብሪል፣ «ይህ ፈረስ በአለንጋ ተነክቶ አያውቅም፣ ወላሂ!»

አልጠቀመውም። ቃሉ በዚያው ወረደ፤ አይሻ የተዳረችው «ባንጆ» በሚል ፈረስ ሆነ፤ ክራር የሚመስል የፈረንጅ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ዛሬም ድረስ ባሏን ስትቆጣ «ለኔስ ሻለቃ ነበር የሚገባኝ» ትለዋለች።

ጓድ ወልደ ሚካኤል ግን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ቃል የወጣለት ፈረስ ሁሉ፣ ባለጋሪው በገበያ ቀን ጋሪው ላይ ቆሞ ትርጉሙን በአማርኛና በኦሮምኛ ለሰፊው ሕዝብ ጮክ ብሎ እንዲያስታውቅ አዘዙ። የተደበቀ ነገር አይኑር ነው ነገሩ። ሰፊው ሕዝብም ወደደው። ሬዲዮ የሚናገረውን የሚጠራጠር ሞልቶ ነበር፤ ፈረስ የሚለውን ግን ሁሉም ያምን ነበር።

አሁን ወደ ፋናዬ ልምጣ። ፋናዬ የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ናት፤ ስኳርና ሳሙና በኩፖን እየመዘነች የምትሰጥ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ የላትም፣ አፏ መቀስ ነው፣ ሚዛኗ ግን አይሰርቅም። ሣህሌ ይወዳት ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከጨው ነው ያወቅኩት። ያለ ኩፖን የሚሸጠው ጨው ብቻ ነበር። እሱ ሊያናግራት ሰልፍ ይይዛል፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ምላሱ ይታሰራል፣ «ጨው» ይላል፣ ጨው ይዞ ይመለሳል። ቤቱ ጨው በጨው ሆነ። የአሰላ የጋሪ ፈረስ ሁሉ የሣህሌን ጨው እየላሰ ወፈረ።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሲገባ፣ ወሬ መጣ። ኦጎልቾ ያለው ወንድሟ ሚስቱ የሞተችበት ደህና ሰው አግኝቶላታል፤ ጾም ሳይገባ መጥቶ ሊወስዳት ነው። ያን ቀን ከግድግዳው ማዶ የወስፌ ድምፅ ጠፋ። ደንበኛዬ «ጎረቤትህ ታሟል እንዴ?» አለኝ። ምላጬን አስቀምጬ ሄድኩ። ያልተሰፋ ጠፍር ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ሽማግሌ ላክ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። «‹አፍ ያለው ያግባሽ› ሲባል አልሰማህም?»

«እምቢ ብትልስ?»

«እምቢ ብትል ምን ትሆናለህ?»

«ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ? አሁን እኮ ቢያንስ ጨው እገዛለሁ» አለኝ። ተቆጥቼው ልወጣ መጥቼ አብሬው ተቀመጥኩ።

ያሰበው ነገር በሐሳብነቱ ጥሩ ነበር። ጅብሪል የቀበሌውን ዕቃ እያመላለሰ በየማለዳው ከሱቁ ፊት ይቆማል። ስለዚህ ኤፍና ኤስ ያሉበትን ቃል በጅብሪል ፈረስ ላይ ያወጣል፤ ለፋናዬ ኤፍ፣ ለሣህሌ ኤስ። እሷ ታያለች፣ ይገባታል። ከፈለገች ትናገራለች፤ ካልፈለገች ዝም ትላለች፣ ማንም አያፍርም። ሁለታችን መዝገበ ቃላቱ ላይ ተደፋን። «ፍሌሽ» ተገኘ፤ ሥጋ ነው። «ሰው የሚወዳትን ሥጋ ይላል?» ብሎ ተወው። «ፎልስ» ሐሰት ነው፤ እንኳን ሊሰፋው ገጹን በችኮላ ገለበጠው። «ሼልፍ» መደርደሪያ ሆነ፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ስለምትውል ይሁን ብዬ ነበር፣ በዓይኑ ገላመጠኝ። በመጨረሻ ጣቱ አንድ ቦታ ቆመ። «ፊስት»። ኤፍ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ቲ። ትርጉሙ ድግስ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የረሳነው አዋጁን ነው።

በገበያው ቀን ጅብሪል እንደ ታዘዘው ጋሪው ላይ ቆሞ «ድግስ!» ብሎ ጮኸ። በኦሮምኛም «ጪዳ!» አለ። ወሩ ጥር ነው፣ ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ፈረስ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። የማን ድግስ? የሣህሌ፤ ኤስ አለችበት። መቼ? ይህን የሚጠይቅ እንኳ አልነበረም፤ የጥር ማርያም ካልሆነ መቼ ይሆናል ተባለና ተቆረጠ። ገበያው ሳይፈታ ሁሩታ ድረስ ተሰማ። ሽንኩርት ገዢው፣ በግ ሻጩ፣ እህል ጫኙ፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ተጠርቻለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግሥቱ የእድራችን ዳኛ ድንኳን አሸክመው መጡ። ከኋላቸው አግዳሚ ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ ጋን። «‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› ነው፤ አትጨነቅ ልጄ» አሉት። ሣህሌ ጸጉር ቤቴ ውስጥ ገብቶ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

«ድግስ የለም በላቸዋ!»

«ታዲያ ለምን ሰፋኸው ይሉኛል። ለምን እንደ ሰፋሁት ከተናገርኩ ከእሷ በፊት አገሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው።»

«ዝም ካልክስ?»

«እደግሳለኋ።»

«ያለ ሙሽራ?»

እጄ ላይ መቀስ ነበር፤ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ጸጉሩን ቆረጥኩት።

ከዚያ ነገሩ ባሰበት። ያኔ መሠረተ ትምህርት ሁለተኛ ዙር ላይ ነው፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንድ ነገር ካላነበበ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰዉ አጥር ተደግፎ የፈረሱን ግንባር ይመረምር ጀመር። ግንባር ላይ የወጣ ፊደል ሰው ነው፤ ይህን ከጅብሪልና ከአይሻ ጀምሮ ሕፃን ያውቀዋል። ኤስ ሣህሌ፣ ኤፍ ፋናዬ፤ እሺ። ቲስ? ቲማ ተሻለች ናት፣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋ። ኤ? ጠላ ሻጯ አፀደ። ኢ? ወተት የምትሸጠው እልፍነሽ። አራት ሴት በአንድ ግንባር! ያ በጨው የኖረ ዝምተኛ ሰውዬ ለካ ጉድ ኖሯል ተባለ።

አፀደ ከሣህሌ የጠላ ዋጋ መቀበል አቆመች። እልፍነሽ በየጠዋቱ ወተት ትልክ ጀመር። ተሻለች ወዴትም ብትሄድ መንገዷ በእሱ ደጅ ሆነ። ጓድ ወልደ ሚካኤል መጥተው ከአንድ በላይ ማግባት የአድኃሪያን ልማድ መሆኑን አስረዱ። ጅብሪል ሊያግዝ ብሎ «በኛ ሃይማኖት ግን እስከ አራት ይፈቀዳል ጓድ፤ ጋሼ ሣህሌ በልክ ነው የቆጠሩት» አለ። ይህን ከማለቱ በፊት አፉን መያዝ ነበረብኝ።

ፋናዬ ግን ዝም አለች። ሣህሌ ሁለት ቀን ጨው ሊገዛ ሄደ፤ ሁለቱንም ቀን ሳታየው መዘነችለት። እሱ የፈራው ዝምታ ይሄ ነበር፤ አሁን ደግሞ ዕቃዋን እየጠቀለለች ነው ተባለ።

ለሰርግ ቀበሌው ተጨማሪ ስኳር ይፈቅዳል። ደንቡ ግን የሙሽራውና የሙሽራዋ ስም ሱቁ ላይ እንዲነገር ነው። ማርያም ስትቃረብ የእድሩ ሴቶች ስኳር የት አለ ብለው ጮኹ፤ እኔና ጅብሪል ሣህሌን ግራና ቀኝ ይዘን ወሰድነው። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። የጅብሪል ፈረስ ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ጭራውን ያወዛውዛል፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ያብለጨልጫል። ሰልፈኛው ሁሉ ሣህሌን ሲያይ ቀጥታ ወደ ፊት አሳለፈው። ደግነት አይደለም፤ ሊሰማ ነው።

«ምን ልስጥዎ? ጨው?» አለች ፋናዬ።

«ስኳር። የሰርግ» አለ ጅብሪል።

«የሙሽራው ስም?»

«ሣህሌ» አልኩ እኔ፤ እሱማ ጫማውን እያየ ነው።

«የሙሽራዋስ? ወይስ የሙሽሮቹ ልበል?»

ፋናዬ የስኳሩን መዛቂያ አስቀምጣ በመስኮቱ ወደ ፈረሱ ጠቆመች።

«አቶ ሣህሌ፣ ኤፍ የኔ ናት። ጓድ ሊቀመንበሩ ባያውጁትም አውቃታለሁ። ኤስ የርስዎ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ጨው ሲገዙ አየሁዎት፤ አልጠላሁም። ሰው ያን ያህል ጨው እንደማይበላ አላጣሁትም። ግን ኢና ኤና ቲ የማን ናቸው? እኔ ከሦስት ሴት ጋር ግንባር አልጋራም! የኦጎልቾው ሰውዬ ቢያንስ አንድ ነው።»

ሣህሌ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። «ተናገር!» ብዬ ጎሸምኩት። እንደገና ከፈተ፤ የወጣው «ጨ...» የሚል ነው። ጨው ሊል ነው አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ ድንገት ዞረ። መስኮቱን ትቶ፣ ሰልፉን ትቶ፣ ወደ ፈረሱ ሄደ። ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለመለካት እንደሚያደርገው፣ ያወራው ጀመር።

«አንተ የኔ ጌታ፣ ንገራት እንጂ! ምን ያስፈራሃል? ኤፍ እሷ ናት። ኤስ እኔ ነኝ። ሦስቱ እንግዶች ናቸው። ያለ እንግዳ ድግስ አለ እንዴ? በላት። እንግዳ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መርቆ ይሄዳል። ሁሉም ሲሄድ የምንቀረው እሷና እኔ ነን። እኔ የፈለግኩት ያንን ነው በላት። ከድግሱ በኋላ ያለውን።»

ፈረሱ አፍንጫውን ነፋ። እኔ ጸጉር ቆራጭ ነኝ፣ የስንቱን ምስጢር ሰምቼ ስቄ ያለፍኩ ነኝ፤ ያን ቀን ግን አልሳቅኩም።

ፋናዬ መዛቂያውን አነሳች። ስኳሩን ሚዛኑ ላይ ታፍሰው ጀመር። ሚዛኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቆም አላት።

«የሙሽራዋ ስም ፋናዬ ነው» አለች ወደ ሚዛኑ እያየች። ከዚያ ቀና ብላ፦ «አንተ! ፈረሱን ልቀቅና ጆንያህን ያዝ።»

አንተ አለችው! እልልታው ከሰልፉ ጫፍ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ደረሰ፤ ፈረሱ ደንግጦ ጋሪውን ይዞ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

የጥር ማርያም ተደገሰ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት እውነት ነው። ከስኳሩ ሌላ ሣህሌ የገዛው ከወር እስከ ወር የሚበቃ ጨው ብቻ ነበር፤ የቀረውን አገሩ ይዞት መጣ። የእስላም ድስት ለብቻ፣ የክርስቲያን ድስት ለብቻ ተጣደ፤ የእስላሙን በግ ያመጣችው ዙቤዳ ናት፣ በ«ዙ» አህያዋ ጭና። አፀደ ጠላውን አምጥታ «ከነገ ጀምሮ በእጥፍ ነው የምትከፍለኝ» አለችው በሰው ፊት። እልፍነሽ የወተት ዕቃዋን ቆጥራ ወሰደች። ተሻለች ጨፈረች፤ ከሁሉም ያማረባት እሷ ነበረች። ወንድምየው ከኦጎልቾ እኅቱን ሊወስድ መጥቶ ድንኳን አገኘ፤ ተናዶ ገባ፣ ጠግቦ ወጣ። ጓድ ወልደ ሚካኤል ስለ ጋብቻ ንግግር ጀምረው ነበር፤ ጅብሪል ሥጋ አጎረሳቸው።

በቀጣዩ የገበያ ቀን የጅብሪል ፈረስ ሲመጣ ግንባሩ ጎዶሎ ሆኖ አየነው። ኤፍ አለች፤ ከዚያ ባዶ ቆዳ፤ ከዚያ ኤስ፤ ከዚያ ባዶ ቆዳ። ፋናዬ ናት በገዛ እጇ ስፌቱን ፈትታ ሦስቱን ያወረደቻቸው። ሰዉ ይህ ደግሞ ምን ማለት ነው ብሎ ተሰበሰበ። ጅብሪል በትእዛዙ መሠረት ጋሪው ላይ ቆመና አስታወቀ።

«እንግዶቹ ሄዱ!» በኦሮምኛም ደገመው።

ያን ዕለት ጸጉር ቤቴን ልዘጋ ስል ከግድግዳው ማዶ ሰው ሲያወራ ሰማሁ። ግድግዳዬ ስስ ነው ብያችኋለሁ። ሣህሌ ነው። ስለ ቆዳ፣ ስለ ፈረንጆቹ፣ ልጅ ሳለ ስለጠፋችበት ጥጃ፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ያነሳል፤ ያወራል፣ ይስቃል፣ እንደገና ያወራል። የማን ፈረስ ሊለካ መጣ ብዬ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ።

ግቢው ውስጥ ፈረስ አልነበረም።